ሆድ ይፍጀው

አማርኛችን ዝምታን የሚያወድስበት ቃል አያጣም። «ዝም አይነቅዝም» ይላል፤ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል፤ የባሰ ቀን ሲመጣ ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ነገሩን ወደ ውስጥ ይቀብረዋል። ይህን የመጨረሻውን ቃል ከባሕር ማዶ በመጣ የኮምፒዩተር ቋንቋ ውስጥ አገኘዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ግን አገኘሁት። ቪዥዋል ቤዚክ በሚባለው ቋንቋ ውስጥ «ኦን ኤረር ሪዝዩም ኔክስት» የምትል አንዲት የትእዛዝ መስመር አለች። በቀጥታ ስትፈታ «ስሕተት ቢፈጠር ወደሚቀጥለው መስመር እለፍ» ማለት ናት። በመንፈሷ ስትፈታ ግን ያው ሆድ ይፍጀው ናት።

ነገሩ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የራቀ እንዳይመስል ጥቂት ላብራራ። ፕሮግራም ማለት በተራ የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ማሽኑ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር እያነበበ ይፈጽማል። በመንገዱ ላይ ሊፈጸም የማይችል ትእዛዝ ያጋጥመዋል፤ የሌለ ፋይል ክፈት ይባላል፣ ቁጥርን ለዜሮ አካፍል ይባላል፣ ቀን ያልሆነን ጽሑፍ ቀን አድርገህ ቍጠር ይባላል። እዚህ ላይ ምን ያድርግ? በፕሮግራም ጸሐፊዎች ዘንድ የስሕተት አያያዝ የሚባለው ጥበብ ሁሉ ለዚህች አንዲት ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

የቀደመው መልስ ቁጥር መመለስ ነበር። አንድ ሥራ የታዘዘ የፕሮግራም ክፍል ሲጨርስ ለአዛዡ ቁጥር ያቀብላል፤ ዜሮ ከሆነ ደኅና ነው፣ ሌላ ከሆነ ችግር አለ። ክፋቱ አዛዡ ቁጥሩን ሳያይ ማለፍ መቻሉ ነው። እኛም «እንዴት ሰነበትክ?» ብለን መልሱን ሳንሰማ እንደምናልፈው ማለት ነው። ሰውየው ታሞ ቢሆንስ? ለታመመውም ለዳነውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ስለሚበቃ ልዩነቱ አይታወቅም።

ቪዥዋል ቤዚክ ሌላ መንገድ ነበረው። «ስሕተት ቢመጣ ወደዚህ ስም ዝለል» ይባልና ከገጹ ግርጌ ስም ተለጥፎ የስሕተቱ መልስ እዚያ ይጻፋል። ኤድስገር ዳይክስትራ የተባለው ሆላንዳዊ የኮምፒዩተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 በታተመች አጭር ደብዳቤው የዚህ ዓይነቱን «ወደዚያ ዝለል» የሚል ትእዛዝ ክፉኛ ነቅፎት ነበር። ምክንያቱ ለሥነ ጽሑፍ ሰው ግልጽ ነው። ገጽ 40 ላይ የጀመረ ዐረፍተ ነገር ገጽ 212 ላይ ቢያልቅ፣ ከዚያም ወደ ገጽ 41 ተመለስ ቢባል፣ አንባቢው ታሪኩን ሳይሆን መንገዱን ሲከታተል ይውላል። አጸያፊው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ከግርጌው ስም በፊት «እዚህ ላይ ውጣ» የሚል መስመር መጻፍ የዘነጋ ሰው ምንም ስሕተት ባልተፈጠረበት ቀን እንኳ ፕሮግራሙ እየተንደረደረ ወደ ስሕተቱ ማስተናገጃ ይገባበታል። በደኅና ቀን ለቅሶ ቤት መግባት!

አዲሱ ሥርዓት በእውነቱ አዲስ አይደለም። ጆን ጉድኢናፍ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ ልዩ ሁኔታዎች እንዴት መነሣትና እንዴት መያዝ እንዳለባቸው መላ አቅርቧል። ባርባራ ሊስኮቭና ባልደረቦቿ ክሉ በሚባለው ቋንቋቸው ሠሩበት፤ ኤዳ፣ ሲ ፕላስ ፕላስና ጃቫ ተከተሉ። ወደ ቪዥዋል ቤዚክ የደረሰው ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ከዶት ኔት ጋር ነው። ሦስት ቃላት አሉት፦ ትራይ፣ ካች፣ ፋይናሊ። ሞክር፣ ያዝ፣ በመጨረሻ። ሊሰናከል የሚችለው ሥራ «ሞክር» በሚለው ክፍል ይታጠራል፤ ቢሰናከል የሚደረገው እዚያው ከሥሩ «ያዝ» በሚለው ይጻፋል። መዝለል የለም፤ ጥያቄውና መልሱ ጎን ለጎን ናቸው።

ስሕተቱ ሲነሣ ፈረንጆቹ «ተወረወረ» ይሉታል። እኔ በአማርኛ ሳስበው የሚመጣልኝ «በሕግ አምላክ!» የሚለው ጩኸት ነው። በዱሮው ሥርዓት አንድ ሰው «በሕግ አምላክ» ተብሎ ከተጠራ እግሩን ካነሣበት አያልፍም፤ ባለበት ይቆማል። ኤክሴፕሽንም ሲነሣ የሚቀጥለው መስመር አይፈጸምም። ከዚያም አቤቱታው ዳኛ ይፈልጋል። በተነሣበት ክፍል «ያዝ» የሚል ካለ እዚያው ይታያል፤ ከሌለ ያንን ክፍል ወዳዘዘው ክፍል ይወጣል፤ እዚያም ዳኛ ከጠፋ ወደ በላዩ። ከጭቃ ሹም ወደ ምስለኔ፣ ከምስለኔ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ አውራጃ እያለ እስከ ዙፋን ችሎት እንደሚደርስ ይግባኝ ነው። ዙፋን ችሎት ደርሶ የሚሰማው ካጣ ፕሮግራሙ ያቆማል። አስደንጋጭ ነው፤ ቢሆንም ነገሩ ተሰምቷል።

ለፍትሕ ያህል ልናገር፤ ይግባኙ በዱሮው ቪዥዋል ቤዚክም ነበር። የታችኛው ክፍል ዳኛ ከሌለው ስሕተቱ ወደ ላይኛው ይወጣል። ግን ላይኛው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ የተቀመጠ ከሆነ የታችኛው ክፍል የቀረ ሥራው ሁሉ ተጥሎ ላይኛው ካቆመበት ቀጥሎ ይሄዳል። ዐሥር መስመር ሥራ የነበረው ክፍል በሦስተኛው ተሰናክሎ ሰባቱ ሳይሠሩ ይቀራሉ፤ ማንም አያውቅም።

ከሦስቱ ቃላት እኔ የምወደው «ፋይናሊ»ን ነው። ሥራው ቢሳካም ባይሳካም መፈጸም ያለበት እዚያ ይጻፋል፤ የተከፈተው ፋይል ይዘጋል፣ ከመረጃ ቋቱ ጋር የተያዘው ግንኙነት ይለቀቃል። የእድር ድንኳንን ያስቧል። ለሰርግ ይተከል ለለቅሶ፣ እንግዳው ይጥገብ አይጥገብ፣ ድንኳኑ ይነቀላል፣ አግዳሚው ይሰበሰባል፣ ሳህኑ ተቆጥሮ ይመለሳል። ነገ የሚፈልገው ሌላ ሰው አለና።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበርን የሒሳብ ፕሮግራም ከአሮጌው ቋንቋ ወደ አዲሱ እንዳዛውር ተቀጥሬ ነበር። ማይክሮሶፍት ለቪዥዋል ቤዚክ 6 መሥሪያ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2008 ስለሚያቆም የማኅበሩ ሰዎች ሰግተዋል። (ስጋቱ ከልክ ያለፈ ነበር፤ በእርሱ የተሠሩ ፕሮግራሞች ዛሬም ዊንዶውስ ላይ ይሄዳሉ።) ኮዱን ስከፍት ያቺ መስመር በየክፍሉ አናት ላይ እንደ መስቀል ተንጠልጥላለች። ሆድ ይፍጀው፣ ሆድ ይፍጀው፣ ሆድ ይፍጀው።

የጻፈውን ሰው አላውቀውም፤ አልወቅሰውምም። ቅዳሜ ጠዋት ነው እንበል፤ ሰልፉ እስከ በር ደርሷል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ አንድ ቁልፍ ስትነካ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የስሕተት ሣጥን ፊቷ ላይ ድንገት ይወጣል። ደንግጣ ትደውላለች። በሁለተኛው ቀን ሌላ ሣጥን፣ በሦስተኛው ሌላ። በመጨረሻ ሰውየው አንድ መስመር ይጽፋል፤ ሣጥኑ ይጠፋል፤ ሁሉም ያመሰግኑታል። ዝምታው እንደ ደግነት ነው የተቆጠረለት።

ሣጥኑ ጠፋ እንጂ ስሕተቱ አልጠፋም። የወር ደመወዝ በሚከፈልበት ሰሞን፣ ጥቅምት 30 ቀን፣ ብዙ ሰው ገንዘብ ያስገባል። ጸሐፊዋ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር 30/2/1995 ብላ ትጽፋለች። ማሽኑ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ አድርጎ ያነበዋል፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን የለውም። ቪዥዋል ቤዚክ እዚህ ላይ ስሕተት ቁጥር 13ን ያነሣል፤ «ታይፕ ሚስማች»፣ ዓይነቱ አልገጠመም ማለት ነው። ዐሥራ ሦስት ወር ላለው ሕዝብ ቁጥሩ ራሱ ቅኔ ይመስላል። ጥቅምት 29ም ያው ዕጣ ይገጥማታል፤ ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲነበብ ፌብሩዋሪ 29 የሚሆንበት ዓመት ከሆነ ብቻ በአራት ዓመት አንዴ ታልፋለች።

ፕሮግራሙ ሆድ ይፍጀው ተብሏልና ያንን መስመር ዘለለው። አሁን የሚሆነውን ልብ በሉልኝ። ቀኑ የሚቀመጥበት መያዣ ባዶ አልሆነም፤ ከእርሷ በፊት የተሰላው ሰው ቀን እንደ ተቀመጠ ነው። ስለዚህ ጥቅምት 30 ገንዘቧን ያስገባችው ሴት በማታውቀው ሰው ቀን ወለድ ተሰላላት። ያ ሰው መስከረም ላይ ያስገባ ከሆነ ተረፋት፤ ሰኔ ላይ ከሆነ ጎደለባት። ደብተሯ ላይ የወጣው ቁጥር ደግሞ እንደ ማንኛውም ቁጥር ቀጥ ብሎ፣ ነጥቡን ይዞ፣ ሳንቲሙን አሟልቶ ወጣ። ውሸት በማሽን ሲታተም ምንኛ ንጹሕ ይመስላል!

አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ነበር፤ ፈጣንና ትጉህ። «ቀላል ነው» አለኝ። «እያንዳንዱን ክፍል በትራይ እናጥረው፤ ካቹን ባዶ እንተወው። የስሕተት ሣጥን እንደ ዱሮው አይወጣም፤ ኮዱ ግን ዘመናዊ ነው።» ትክክል ነበር፤ በሁለት ሳምንት እንጨርስ ነበር። ግን ባዶ ካች ማለት ሆድ ይፍጀው አዲስ ሱፍ ለብሶ ሲመጣ ነው። የአገባቡ መለወጥ ማንንም ጻድቅ አያደርግም። ዳኛ የተሾመበት ሸንጎ ሠርተህ፣ ዳኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢያንቀላፋ፣ ዳኛ ከሌለበት አገር ይብሳል፤ ምክንያቱም አቤቱታው ወደ ላይ እንዳይሄድ እርሱ ያዘው።

ዳኛው ነቅቶ ተሳስቶ ቢፈርድስ? እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 ከፈረንሳይ ጊያና፣ ኩሩ ከሚባለው ሥፍራ የተነሣችው አርያን 5 ሮኬት ለዚህ ምስክር ናት። የመጀመሪያ በረራዋ ነበር። የሮኬቷን አቅጣጫና ፍጥነት የሚለኩ ሁለት ኮምፒዩተሮች፣ አንዱ ለሌላው ተጠባባቂ ሆነው፣ ከአርያን 4 የተወረሰ አንድ ዓይነት ፕሮግራም ጭነው ነበር። አዲሲቱ ሮኬት ከቀድሞዋ ይልቅ ወደ ጎን ፈጥና ትሄዳለችና አንድ ቁጥር ገዘፈ፤ ከ32,767 በላይ በማይዝ ጠባብ መያዣ ውስጥ ግባ ሲባል እምቢ አለ። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኤዳ እንደ ሥርዓቱ ጮኸ፦ በሕግ አምላክ! ለዚያ ቁጥር ግን የቅርብ ዳኛ አልተሾመለትም ነበር። እንዲህ ዓይነት አደጋ ከሚያሰጋቸው ሰባት ቁጥሮች አራቱ ጥበቃ ተደርጎላቸው ሦስቱ ሆን ተብሎ ተትተዋል፤ ኮምፒዩተሩ ሥራ እንዳይበዛበት ተብሎ። ከላይ የተቀመጠው ፍርድ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ኮምፒዩተሩን አቁም። ተጠባባቂው ቆመ፤ ከአንድ ሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ዋናውም በዚያው ምክንያት ቆመ። ሲቆም የላከውን የምርመራ መልእክት የሮኬቷ ዋና ኮምፒዩተር የበረራ መረጃ መስሎት አመነው፤ ሮኬቷም ያልሳተችውን መንገድ ላርም ብላ ተጣመመችና፣ ከተነሣች አንድ ደቂቃ ሳይሞላት አራት ሳተላይቶችን ይዛ ሰማይ ላይ ፈነዳች።

የሚያሳዝነው ያ ስሌት ሮኬቷ ከመሬት ከተነሣች በኋላ ምንም ጥቅም አልነበረውም። ይህን ያህል ጊዜ ብቻ ሆድ ይፍጀው ቢባል ኖሮ ሮኬቷ ትተርፍ ነበር ብሎ የሚከራከር አለ፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለም። ጩኸትም እንደ ዝምታ ሰው ካላሰበበት ይገድላል። ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1980 የቱሪንግ ሽልማትን ሲቀበል ባደረገው ንግግር በኤዳ ላይ ሥጋቱን ሲገልጽ የኤክሴፕሽንን ነገር ሳይጠቅስ አላለፈም። በቅርብ ዘመን የመጡት ጎ እና ረስት የሚባሉ ቋንቋዎችም ስሕተትን እንደገና በሚመለስ ዋጋ ወደ መግለጥ አዘንብለዋል፤ በተለይ ረስት መልሱን ሳያዩ ማለፍን አስቸጋሪ አድርጎታል። ማን ትክክል እንደ ሆነ እዚህ ልፈርድ አልችልም። እኔ በትራይና ካች እኖራለሁ፤ ካቹ ውስጥ የሚጻፈው ግን ከሦስቱ ቃላት ይልቅ ያስጨንቀኛል።

ወደ ማኅበሩ ልመለስ። የቀን ስሕተት ቢነሣ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው ስሌት በአንዲት ሴት ምክንያት አይቁም፤ የእርሷም ሒሳብ በሰው ቀን አይሰላ። ስለዚህ የእርሷ ብቻ ሳይሰላ ይቆይ፣ የደብተር ቁጥሯና ጸሐፊዋ የጻፈችው ቀን እንዳለ በዝርዝር ይመዝገብ፣ ሌሎቹ ይቀጥሉ አልን። ይህ የጭቃ ሹሙ ፍርድ ነው። የመረጃ ቋቱ ራሱ አልከፈት ካለ ግን ይህ ከአቅሙ በላይ ነውና ወደ ላይ ይውጣ፤ ሲወጣም አቤቱታው ከነመዝገቡ ይውጣ። (በዶት ኔት «ወርውር» ብቻ ብሎ መልሶ ማስተላለፍና ስሙን ጠርቶ እንደ አዲስ መወርወር ይለያያሉ፤ በሁለተኛው መንገድ መጀመሪያ የት እንደ ተነሣ የሚናገረው ዱካ ይጠፋል።) ከዚያ በኋላ የእኛን ቀን በእኛ ሕግ የሚያነብ ክፍል መጻፍ ነበረብን፤ ዶት ኔት የዕብራውያንን፣ የሂጅራንና የፋርስን የዘመን አቆጣጠር ያውቃል፣ የእኛን ግን አያውቅም።

ያንን ክፍል ከመጻፋችን በፊት ግን የቀኑን ቅርጽ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብለን አጥብቀን ወስነን የዱሮውን መዝገብ በአዲሱ ፕሮግራም አንድ ሌሊት አስኬድነው። የጠበቅሁት የጥቅምት ዝርዝር ነበር። ጥቅምት መጣ፤ ከጥቅምት ጋር ግን ጳጉሜን መጣች። 3/13/1995፣ 5/13/1994፣ 1/13/1996። በአሮጌው ፕሮግራም ስለ እነዚህ ስሕተት ተነሥቶ አያውቅም። ቪዥዋል ቤዚክ 6 ዐሥራ ሦስተኛ ወር ሲያይ አይጮህም፤ «ቀኑንና ወሩን አገላብጠህ ጽፈህ ይሆናል» ብሎ ራሱ ያገላብጠዋል። ጳጉሜን 3 ቀን የገባ ገንዘብ በሦስተኛው ወር በ13ኛው ቀን፣ ማለትም ኅዳር 13 እንደ ገባ ተቆጠረ። ከዘጠኝ ወር በላይ ያልተገባ ወለድ! ሆድ ይፍጀው የምትለውን መስመር ከሁሉም ቦታ ብፍቅ እንኳ በአሮጌው ቋንቋ ይህ አይገኝም ነበር። ስሕተቱን የዋጠ ሰው የለም፤ ማሽኑ በደግነት ገምቶ ነው።

ዝርዝሩን ለሥራ አስኪያጁ ሳቀርብ ረጅም ጊዜ ተመለከተው። «ወንድሜ» አለኝ በመጨረሻ፣ «ፕሮግራሙን አዛውርልን አልን እንጂ መቃብር ቆፍርልን አላልንም።» ክፉ ሰው አልነበረም። ያለፈውን የነካ ሁሉ የሚከፍለውን ያውቃል፤ የጎደለባቸው ይጮኻሉ፣ የተረፋቸው ደግሞ ሊጠየቁ ነው።

ነገሩን የፈቱት የሒሳብ ክፍሏ አንጋፋ ሠራተኛ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ኮምፒዩተሩ ሲገባ የእጅ መዝገብ ይቅር ተብሎ ታዝዞ ነበር። እሳቸው ግን ከጠረጴዛቸው ሥር በካርቶን ውስጥ እየጻፉ አስቀምጠውታል፤ በየቀኑ፣ በቀይና በሰማያዊ ቀለም፣ ጳጉሜንን ጳጉሜን ብለው። «ልጄ፣ ዝርዝሩን አትመህ አምጣልኝ» አሉኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ ቁጥሩን ሳነብላቸው በጣታቸው መዝገቡን እየተከተሉ ምልክት አደረጉ። ሦስት ቀን ፈጀብን። ከዚያ መዝገቡን በነጠላቸው አቅፈው ራሳቸው ወደ ሥራ አመራር ኮሚቴው ገቡ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ተከራከሩ። ለጎደለባቸው እንዲከፈል፣ የተረፋቸውም እንዳይጠየቁ ተወሰነ፤ የተረፋቸው ግን እንዲነገራቸው እትዬ አጥብቀው ይዘው ነበርና በደብዳቤ ተነገራቸው። ከመካከላቸው አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ትርፉን ሊመልስ መጥቶ፣ አንቀበልም ሲባል ተቆጥቶ ሄደ።

አዲሱ ፕሮግራም ሥራ ከጀመረ በኋላ ሌሊት የተያዙት ስሕተቶች ዝርዝር በየጠዋቱ ታትሞ እትዬ ጠረጴዛ ላይ ይደርስ ነበር። አንዳንዴ ሁለት መስመር ነው፣ አንዳንዴ አምስት፤ አብዛኛው የጸሐፊዋ የእጅ ስሕተት ነው። ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ የወጣ ቀን ግን አያምኑትም ነበር። ይደውሉና «ልጄ፣ ማሽኑ ትናንት ማታ ሠርቷል?» ይሉኛል።